አማች ይብዛልን

መንግሥት በ2017 መሶብ የሚባል የአንድ ማዕከል አገልግሎት ጀመረ። ሰው ከቢሮ ቢሮ እንዳይንከራተት ታስቦ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። ከአያት ወዲያ፣ ከተማው አልቆ ማሳው በሚጀምርበት ሰፈራችን አንድ ማዕከል ድሮም ነበረን። ያውም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ።

የግንባታ ፈቃድ ፈለግህ እንበል። ቅጹን የምታገኘው ከወረዳው በር ፊት ለፊት ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ባለቤቷ የወረዳው የፈቃድ ባለሙያ ሚስት ናት። ፕላኑን የሚሠራልህ የሚስቱ ወንድም ነው። ሌላ ቦታ አሠርተህ ብትመጣም አትባረርም። ባለሙያው ፕላንህን በትዕግሥት ያገላብጥና መስኮቱ ጠቧል፣ ደረጃው ቀጥ ብሏል፣ "አስተካክለህ ና" ይልሃል። የት እንደሚስተካከል ግን ትንፍሽ አይልም። ጨዋ ሰው ነው። የሚነግርህ ጥበቃው ነው። ጥበቃው የአጎቱ ልጅ ነው።

ምቀኛ ይሄንን የዘመድ ሥራ ይለዋል። በየስብሰባው "ቅንጅታዊ አሠራር ይጠናከር" ሲባል ስንት ዘመን ሰማን? ተጠናከረልን፣ ይኸው።

ደንብ አስከባሪያችንንም ሳላመሰግን አላልፍም። ሌላው ሕገወጥ ግንባታ ለመለየት ካርታ ይዘረጋል፣ ሜትር ይጎትታል። የእኛው ብሎኬቱን አይቶ ያውቃል። ከወንድሙ ማምረቻ የተገዛ ከሆነ አጥሩ ሕጋዊ ነው። ከሌላ ከሆነ የጨረቃ ቤት ነው፣ ይፈርሳል። አንድ ጎረቤቴ ግማሹን ከወንድምየው፣ ግማሹን ረከሰ ብሎ ከሌላ ገዝቶ አጥር አሠራ። ግማሹ እስከ ዛሬ ቆሟል።

"ሕግ የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። ኧረ አለ! የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 አለ። ሀብትህን አስመዝግብ ይላል። የግል ጥቅምህ ከሥራህ ጋር ሲጋጭ አሳውቅ ይላል። ስጦታና መስተንግዶንም አልረሳም። ለምዝገባው ቤተሰብ የሚለው የትዳር ጓደኛንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። አማች አላለም። የወረዳችን ሰዎች ይቺን መስመር ያነበቡበትን ጥንቃቄ እኔ በጠበቃ ላይ አላየሁም። መኪናው በአማች ስም፣ ቦታው በአማች ስም፣ ወፍጮ ቤቱ በአማች ስም። በሰፈራችን ሥራ ፈትቶ ሲውል የሦስት ቤት ባለቤት የሆነ ጎረምሳ ካየህ አትደነቅ። እህቱን ማን እንዳገባት ጠይቅ።

ደመወዛቸውን ሳስብ በእርግጥ አንጀቴ ይላወሳል፣ ቀልዴን አይደለም። በዚያ ደመወዝ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ መከራየት እንኳ ዘበት ነው። ግን አማች ያለውም የሌለውም የሚፈርመው ያችኑ ደመወዝ ነው፣ የሌለው እንዴት እንደሚኖር የሚጠይቅ የለም።

ሥልጠና የቀረባቸው እንዳይመስላችሁ ደግሞ። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ከተቋቋመ ወዲህ ሥነ ምግባር ዘንቦልናል። 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆች ኮሪደሩ ላይ ተሰቅለዋል። ሰልፍ ላይ ቆመህ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት እያልክ ትወርዳለህ። ምስጢር መጠበቅ ላይ ስትደርስ ሲስተም ይቋረጣል። እኔ አሁን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ሌላ የሚነበብ የለማ።

የጥቅም ግጭት ሥልጠናው የተሰጠው አዳማ ነው። እዚሁ ወረዳችን አዳራሽ አለ፣ ግን ሥነ ምግባር ያለ ሙቀትና ያለ ውሎ አበል አይዋሃድም። ሆቴሉ የተመረጠው በሦስት ፕሮፎርማ ነው፣ በመመሪያው መሠረት። የሦስቱም የእጅ ጽሑፍ አንድ ነው ብለው የሚያሙ አሉ። የሚያምር ጽሑፍ ከሆነ ምናለበት? የሥልጠናውን ወረቀት ያባዛችው ፎቶ ኮፒ ቤታችን ናት። "የቅርብ ዘመድህ ከመሥሪያ ቤትህ ጋር ሲነግድ ምን ታደርጋለህ?" የሚለውን ገጽ ጭምር፣ በሁለት በኩል፣ በጥራት።

ያን ሳምንት በሩ ላይ "ሠራተኞቻችን የሥነ ምግባር ሥልጠና ላይ ስለሆኑ ሰኞ ይመለሱ" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በባጃጅ ጭቃውን አቋርጠን መጥተን፣ አንብበን፣ ጭቃውን አቋርጠን ተመለስን።

ሁሉም በሰላም አለፈ ስንል ከመዝገብ ቤቷ ልጅ ጉድ መጣ። ያሳደገቻት አክስቷ የይዞታ ጉዳይ ይዛ መጣች። ሰፈሩ ሁሉ "ምን ጨነቃት፣ ልጇ እዚያ ናት" ብሎ ቀንቶባታል። ልጅቷ ግን ፋይሉን አልቀበልም አለች። "እትዬ፣ አንቺ አክስቴ ነሽ። ይሄን እኔ አልነካውም፣ ለኃላፊዬም በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ሌላ ባለሙያ ያይልሻል፣ ተራሽን ጠብቂ።"

ሴትዮዋ ተራ ጠበቀች። የገዛ ልጇ ውስጥ ተቀምጣ! ጉዳይዋ አልቋል፣ ያውም ያለ ሻይ፣ ግን ማን ያንን ያወራል? ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ውስጥ "አገሪቱን ዘመድ ጨረሳት" የሚሉት ሰዎች ራሳቸው "ወንበር አጠገባት" አሉ። እድር ላይ ተነሳ። "ወልዶ ማስተማር ለዚህ ነው?" ተባለ። ስንት ቤት በግ አርዶ ልጁ ወረዳ መቀጠሩን ባከበረበት ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ዝም ከተባለ ነገ ሌላውም ይለምዳል።

ሽማግሌ ተላከ። ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ሦስት አባቶች ገቡ፣ እኔም ለድጋፍ ተከትዬ። ልጅቷ ጉልበት ስማ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ አክስት እናት ናት" አሉ ትልቁ።

"አውቃለሁ አባባ። የማልፈርመውም ለዚህ ነው።"

"በይ ለሚቀጥለው እንኳ አታሳፍሪን። ላለፈው ደግሞ ካሣ እንዲሆን ይቅርታ ጠይቂያት።"

"ይቅርታ እጠይቃታለሁ አባባ። ፋይሏን ግን ሌላ ሰው ነው የሚያየው።"

ሽማግሌው ስኒውን አስቀመጡ። "ቆይ፣ ይሄንን ማነው ያስተማረሽ?"

"አዳማ፣ ሥልጠናው ላይ።"

ወደ እኛ ዞሩ። "ሌሎቹም እኮ ሄደው ነበር" አሉ። "አንዳቸውም እንዲህ ሆነው አልተመለሱም።"