ኮሎምቦ ቀርፋፋ አይደለም፤ አተያያችን ነው የተበላሸው

የድሮ የወንጀል ምርመራ ፊልም የሚወዱ ጓደኛሞች ሲሰባሰቡ አንድ ወቀሳ አይጠፋም። አንዱ ስለ ኮሎምቦ ሲያወራ ይከርምና ሌሎቹን ጠርቶ ያሳያቸዋል። በሃያኛው ደቂቃ ላይ ግማሹ ሰው ስልኩን አውጥቷል። «ይንቀራፈፋል» ይባላል። «ገዳዩን መጀመሪያ ላይ ካሳዩን በኋላ ምን ቀረ?» ይባላል። ጋባዡም «ድሮ ቀረ፣ እናንተ ትዕግሥት የላችሁም» ብሎ ያኮርፋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ወገን ጥፋቱን የሚፈልገው በማይገኝበት ቦታ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው፦ ምስሉ ተለጥጧል፣ ድምፁ ታፍኗል፣ ከተከታታዩም ለመጀመሪያ ቀን የማይሆን ክፍል ተመርጧል።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፦ ኮሎምቦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መርማሪ ነው። ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊልያም ሊንክ የፈጠሩት ገጸ ባሕርይ ሲሆን ፒተር ፎልክ መጀመሪያ የተጫወተው በ1968 በወጣ የቴሌቪዥን ፊልም ነው። መደበኛው ተከታታይ ከ1971 እስከ 1978 በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤንቢሲ ታየ፤ ከ1989 እስከ 2003 ደግሞ በሌላው ጣቢያ በኤቢሲ ተመለሰ። በድምሩ 69 ክፍሎች አሉት። የተጨማደደው የዝናብ ካፖርት የፎልክ የራሱ ነበር። ተንቀጥቅጣ የምትሄደው መኪና ፔጆ 403 ናት፤ ፔጆ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለችም። ገዳዮቹ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ባለጠጎችና የተማሩ ናቸው፦ የሙዚቃ መሪ፣ የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ ወይን ጠማቂ፣ ደራሲ። ኮሎምቦ በራቸው ላይ ይመጣል፣ ስለ ባለቤቱ ያወራል፣ እርሳስ ይለምናል፣ ይሰናበታል። በሩን ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ዘወር ብሎ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» ይላል።

ይህ ዘወር ማለት የተገኘው ከስንፍና ነው። ደራሲዎቹ ለመድረክ ሲጽፉ አንድ ትዕይንት አጠረባቸው፤ ኮሎምቦ ግን በጽሑፉ ላይ ወጥቶ ሄዷል። በጽሕፈት መኪና ዘመን ገጹን እንደገና መተየብ አሰልቺ ስለነበር ሰውየውን ከበር መልሰው አስገቡት። በዚያው ጸና።

አሁን ወደ ጓደኞቹ። በተለመደው የወንጀል ፊልም ሁሉም ሰው የሚጠብቀው አንድ መልስ ነው፦ ማን ገደለ? ተዋናይቷ አንጄላ ላንስበሪ ከ1984 እስከ 1996 በመሪነት የተጫወተችበት ተከታታይ «መርደር ሺ ሮት» የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አጭርና ሞቅ ያለ ነው፣ ሰው እየጮኸ ስም ይጠራበታል። ለቡድን ግን ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው ካለ ወይ አፉን ለጉሞ ይሰቃያል ወይ ሁሉንም ያበላሻል። ተዋናዮችን የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ «ይህን የሚያህል ታዋቂ ሰው ለሁለት ደቂቃ ትዕይንት አያመጡትም» ብሎ ገዳዩን በአሥረኛው ደቂቃ ይጠቁማል። አብዛኛውን ጊዜም ይሳካለታል።

ኮሎምቦ ይህን ችግር ከሥሩ ነቅሎታል። ግድያውን ከነአፈጻጸሙ አስቀድሞ ያሳየናል፤ ኦስቲን ፍሪማን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1912 ባሳተማቸው ታሪኮች የተከተለው መንገድ ነው። የሚቀረው ጥያቄ «በምን ይያዛል?» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ያየ ሰው ካላየ ሰው ጎን በሰላም ይቀመጣል፤ እንዲያውም እሱ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ገዳዩ መርማሪውን መናቅ የሚያቆምባትን ቅጽበት። ናፍቆት ያለበትንና አዲስ ተመልካችን አንድ ሶፋ ላይ ማስቀመጥ የሚችል ሌላ የወንጀል ተከታታይ ከዚያ ዘመን አላውቅም።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት «መርደር ባይ ዘ ቡክ»ን እንውሰድ። መስከረም 1971 የታየ የመጀመሪያው መደበኛ ክፍል ነው፤ ያዘጋጀው በወቅቱ የ24 ዓመት ልጅ የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። አንዲት መኪና መንገድ ላይ ትሄዳለች፣ የሞተር ድምፅ ግን የለም፤ የሚሰማው የጽሕፈት መኪና ቀጭ ቀጭታ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች በጋራ ስማቸው የወንጀል ልብ ወለድ ያሳትማሉ፤ እውነቱ ግን የሚጽፈው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። እሱ ደግሞ መለያየት ይፈልጋል። የማይጽፈው ባልደረባው ወደ ሐይቅ ዳር ቤቱ ይወስደዋል፣ ለሚስቱ ስልክ ደውሎ «ቢሮ አምሽቼ እየሠራሁ ነው» እንዲላት ያደርጋል፣ ከዚያ ይተኩሳል። ሚስት ጥይቱን በስልክ ሰምታለችና ባሏ ቢሮው ውስጥ እንደተመታ ታምናለች። ከዚያ በኋላ አስከሬኑ በገዳዩ ቤት ሣር ላይ ይገኛል። ፖሊስ ተጠርቷል። ገዳዩ ደግሞ የመጡለትን ፖስታዎች ይከፍታል።

ያችን ፖስታ ነው ማየት ያለባችሁ። ማንም አያጎላትም፣ ሙዚቃ አይመታም። የጓደኛውን ሬሳ ደጁ ላይ ያገኘ ሰው የሒሳብ ደብዳቤ ሲከፍት እጁ አይንቀጠቀጥም። ኮሎምቦ ከጊዜ በኋላ የሚያነሳት እሷን ነው። ቀድሞ ደግሞ ለሟች ሚስት ወጥ ቤት ገብቶ እንቁላል ይጠብስላታል፤ «ይንቀራፈፋል» የሚባለው እንዲህ ያለው ትዕይንት ነው፣ እሱ ግን እየጠበሰ ያስወራታል። የክፍሉ ጨዋታ ሁሉ በእጅ፣ በጠረጴዛ ጠርዝና በሰው ዓይን ላይ ነው የተጻፈው። እጁና ጠርዙ ከስክሪን ከወጡ የሚቀረው ወሬ ብቻ ስለሚሆን ሰው ቢሰለች አይፈረድበትም።

እጅና ጠርዝ ደግሞ በየቤቱ ከስክሪን ይወጣሉ። እነዚህ ክፍሎች የተሠሩት ለድሮው 4 ለ 3 ቅርጽ ነው፤ የዛሬ ቴሌቪዥን 16 ለ 9 ነው። ሪሞቱ ላይ «ፉል» ወይም «ስትሬች» ከተመረጠ ምስሉ ወደ ጎን በሲሶ ይሰፋል፣ የፒተር ፎልክ ፊት ድፎ ዳቦ ያክላል። «ዙም» ከተመረጠ ደግሞ ከከፍታው ሩቡ ይቆረጣል፤ ከላይ ፀጉር፣ ከታች ፖስታ የያዘ እጅ ይሄዳል። ትክክለኛው «4፡3» ወይም «ኦሪጅናል» የሚለው ሲሆን ግራና ቀኝ ጥቁር ባዶ ቦታ ይተዋል። «ስክሪኑ ለምን አልሞላም?» የሚል ጓደኛ ይኖራል። መልሱ አጭር ነው፦ ያ ጥቁር ቦታ ላይ የተቀረጸ ምንም ነገር የለም። አንዳንድ ጊዜ ግን ቅጂው ራሱ ተቆርጦ ይመጣልና ሪሞት አያድነውም። መለያው የመግቢያ ጽሑፉ ነው፤ እዚያ ላይ አቁሙት፣ ከላይ ወይም ከታች ያለው ፊደል ጠርዝ ነክቶ ወይም ተጎምዶ ከታየ ሌላ ቅጂ ፈልጉ።

ሁለተኛው ጠንቅ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ሳይጠየቁ የሚያደርጉት ማለስለስ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በመካከላቸው ራሱ የፈጠራቸውን ምስሎች ይጨምራል። ውጤቱ ሁሉም ነገር በዜና ካሜራ የተቀዳ መምሰሉ ነው። ግድግዳው ካርቶን፣ ተዋናዩ ትወና ላይ መሆኑ ይጋለጣል፣ የ1971 ሎስ አንጀለስ የልምምድ አዳራሽ ይሆናል። ሳምሰንግ ላይ «ፒክቸር ክላሪቲ» ወይም «አውቶ ሞሽን ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል፤ ገብታችሁ አጥፉት። ከ2020 ወዲህ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ የመጣው «ፊልምሜከር ሞድ» ካለ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል፤ ማለስለሱን ያጠፋል፣ ቅርጹንም ይጠብቃል። ከሌለ «ሙቪ» ወይም «ሲኒማ» ይሁን፤ «ቪቪድ» እና «ዳይናሚክ» ለሱቅ መስኮት ናቸው። ተከታታዩ የተቀረጸው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ስለሆነ በአግባቡ የተቀዳው አዲሱ ቅጂ በጊዜው ሰዎች በአንቴና ካዩት በእጅጉ ይበልጣል። በሞድ ማበላሸት ያሳዝናል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ኢትዮጵያና አብዛኛው ምዕራብ አውሮፓ በያዙት ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀዳ የድሮ ዲቪዲ ወይም ካሴት 24ቱን ምስል በ25 ያስኬደዋል። አራት በመቶ ፍጥነት ማለት ነው፤ 98 ደቂቃ የነበረው 94 ይሆናል፣ የሰው ድምፅም ትንሽ ይቀጥናል። ዕረፍት እየወሰደ የሚናገር ተዋናይ ላይ ይህ ይታወቃል። (ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተላኩ የሠርግና የድራማ ቪኤችኤስ ካሴቶች አሜሪካ ማጫወቻ ላይ አልሠራ ያሉት በዚሁ በፓልና በአሜሪካው ሥርዓት በኤንቲኤስሲ ልዩነት ነው።) ምርጫ ካለ የኢንተርኔቱን ወይም የብሉሬይ ቅጂውን ያዙ።

ድምፁ ላይ ብዙ አልቆይም። የሰባዎቹ ክፍሎች ድምፅ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ መስመር ነው። ቴሌቪዥኑ «ሰራውንድ» ሊያደርገው ሲሞክር ንግግሩ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ወደ «ስታንዳርድ» መልሱት። ፎልክ ቃላቱን የሚያኝክ ተዋናይ ስለሆነ እንግሊዝኛ የሚችልም ሰው ሰብታይትል ቢያበራ ነውር የለውም። በአማርኛ ድምፅ ማየት የሚመኙ አሉ። ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ሥራው እንደሚቻል አሳይቷል። ኮሎምቦ ላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ የሰውየው ብልሃት ያለው በማጉረምረሙ ውስጥ ነው፤ ጥርት ባለ የስቱዲዮ ድምፅ የተናገረ ቀን ገዳዩም አይንቀውም፣ ጨዋታውም ያበቃል።

ሳሎኑ ከተስተካከለ በኋላ ቡናው ይቀራል። ቀልድ አይደለም፤ ቡና የሚወቀጠው ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ነው። ግድያው የሚታቀድባቸው የመጀመሪያዎቹ 15 ወይም 20 ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ ንግግር ያንሳቸዋል፣ የኋላው ፍንጭ ሁሉ ግን እዚያ ውስጥ ነው። በዚያ ሰዓት ሙቀጫ ከተመታ ወይም ሲኒ ከተንኳኳ ማታው አበቃለት። ኮሎምቦ ልክ ብቅ ሲል አቁሙት። አቦል ይቀዳ። ለእያንዳንዱ ሰው ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጥ፣ «ገዳዩ የት ላይ ተሳሳተ?» የሚለውን ሳይመካከር ይጻፍና ይታጠፍ። ከሦስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ጮክ ብሎ መገመት ከተፈቀደ ግን አንድ ደፋር ሁሉንም ወደ እሱ ግምት ይጎትታል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይከተላል። ወረቀቱ ሲገለጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰዎች የጻፉት ስህተት ደራሲዎቹም ያላሰቡት ሆኖ ይገኛል፣ ከፊልሙ በኋላ የሚያከራክረውም ይኸው ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሰው ጥሩ ነው። በአንድ ማታ አንድ ክፍል ብቻ፤ ሁለተኛው ላይ የታሪኩ አጥንት መታየት ይጀምራል። እነዚህ ክፍሎች በሳምንታት ልዩነት እንዲታዩ የተሠሩ ናቸውና መደጋገማቸው ያኔ አይታወቅም ነበር።

ጠበቃ ወይም ዳኛ ጓደኛ ካለ መጨረሻው ላይ «ይህ ማስረጃ ፍርድ ቤት አይቆምም» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ብዙዎቹ ክፍሎች የሚዘጉት ገዳዩ በወጥመድ ተይዞ እጁን ሲሰጥ ነው፤ ጥሩ ተከላካይ ግማሾቹን ነፃ ያወጣቸው ነበር። ይከራከር፤ ቶናውና በረካው ለዚህ ነው።

የክፍል ምርጫ ላይ ግን ለጋባዡ ምሕረት የለኝም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጓደኞቹን ያጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የጀመረው ራሱ ከሚወደው እንግዳ ክፍል ነው፤ ወይም በቁጥር ቅደም ተከተል ሄዶ። «መርደር ባይ ዘ ቡክ» ለመጀመሪያ ማታ ይሆናል፤ ወደ 75 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው እዚያው ዓመት የታየው «ሱተብል ፎር ፍሬሚንግ» ይሁን፤ ስለ ሥዕሎች ስብስብ ነው፣ የመጨረሻዋን ደቂቃ እዚህ አልነግራችሁም። ሰው ከለመደ በኋላ ዶናልድ ፕሌዘንስ ወይን ጠማቂ ሆኖ የሚጫወትበት «ኤኒ ኦልድ ፖርት ኢን ኤ ስቶርም» (1973) አለ፤ ገዳዩ የሚያሳዝነን እዚህ ነው። «ኤ ፍሬንድ ኢን ዲድ» (1974) ደግሞ ወንጀለኛውን የኮሎምቦ የበላይ አለቃ አድርጎ ነገሩን ያከብደዋል።

መንቀራፈፉ እውነት የሆነበትም ቦታ አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ጣቢያው አንዳንዶቹን ክፍሎች ለሁለት ሰዓት የአየር ጊዜ እንዲሞሉ ስላስረዘማቸው ከ90 ደቂቃ በላይ ከሚፈጁት በአንዳንዶቹ ላይ ውሻ፣ ጉዞና ባዶ ኮሪደር ይበዛል። «ላስት ሳሉት ቱ ዘ ኮሞዶር» (1976) ራሱን ቅርጹን ጥሶ ገዳዩን ስለሚደብቅ አፍቃሪዎቹም የሚጣሉበት ነው። ከ1989 በኋላ የመጡት ያልተስተካከሉ ናቸው፤ «ኖ ታይም ቱ ዳይ» (1992) ግድያ እንኳን የለበትም። እነዚህን ኮሎምቦን ከለመዱ ሰዎች ጋር፣ ለክርክር ብቻ አውጧቸው።