የዳግላስ አዳምስ ዕዳ ለማን ነው?

እንግሊዛዊው ደራሲ ዳግላስ አዳምስ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» የተባለውን አስቂኝ የሳይንስ ልብወለድ ድራማ ለቢቢሲ ሬዲዮ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1978 ተላለፈ፤ በዓመቱ መጽሐፍ ሆነ። «ሐሳቡን ከማን ወሰደው?» የሚለው ጥያቄ እስካሁን አልበረደም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፍለጋው ግን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል።

ቀድሞ የሚነሳው አሜሪካዊው የሳይንስ ልብወለድ ደራሲ ሮበርት ሼክሊ ነው። በ1968 በወጣው «ዳይሜንሽን ኦቭ ሚራክልስ» ውስጥ ፕላኔት በትእዛዝ የሚሠራ ተቋራጭ አለ፤ ምድርንም የገነባት እሱ ነው። አዳምስ ጋ ደግሞ ስላርቲባርትፋስት የተባለ አዛውንት የኖርዌይን የባሕር ዳርቻ ነድፎ ተሸልሟል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ «ተገለበጠ» ቢል አይፈረድበትም። አዳምስ ግን የሼክሊን መጽሐፍ ያነበበው የራሱን ከጻፈ በኋላ እንደሆነ ተናግሯል። እኔ አምነዋለሁ፤ ዕዳውን የሚደብቅ ሰው አልነበረምና። የአሜሪካዊውን ደራሲ የከርት ቮኔገትን «ዘ ሳይረንስ ኦቭ ታይታን» (1959) ደጋግሞ እንዳነበበውና እንደሚያደንቀው አልሸሸገም። በዚያ መጽሐፍ የሰው ልጅ ታሪክ በሙሉ፣ መንገድ ላይ ለቀረ አንድ የጠፈር መልእክተኛ መለዋወጫ ዕቃ ለማድረስ የተቀነባበረ ሆኖ ይገኛል። አዳምስ ጋ ደግሞ ምድር ሌሎች ፍጡራን ለራሳቸው ጉዳይ ያሠሯት ኮምፒውተር ናት። እዚህ ላይ ዝምድናው አያከራክርም።

መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ከሆነማ እስከ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር መሄድ ይቻላል። በ1752 በታተመው «ሚክሮሜጋስ» ከሲርየስ የመጣው ግዙፍ እንግዳ የነገሮችን ሁሉ ፍጻሜ የሚገልጽ መጽሐፍ ለሰዎች ይሰጣል፤ ፓሪስ ላይ ሲከፈት ገጾቹ ባዶ ናቸው። አዳምስ ዘንድ ከምድር በፊት የነበረ ሌላ ኮምፒውተር 7.5 ሚሊዮን ዓመት አስልቶ የሕይወት መልስ «42» ነው ይላል። የሁለቱ ቀልድ አንድ ነው። ግን ይህ የሚያሳየው ጥያቄው የቆየ መሆኑን እንጂ መቅዳትን አይደለም።

ለእኔ የአዳምስ ትልቁ ባለውለታ ስለ እንግሊዝ ባላባቶችና አሽከሮቻቸው የጻፈው ፒ. ጂ. ዉድሃውስ ነው። አዳምስ ራሱ ስለ እሱ በታላቅ አድናቆት ጽፏል። የዉድሃውስ ቀልድ ያለው ከሴራው ይልቅ በዓረፍተ ነገሩ አሰካክ ላይ ነው፤ በሰከነ፣ በጨዋ ድምፅ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ይገለብጠዋል። ምድርን ሊያፈርሱ የመጡት መርከቦች፣ ይላል አዳምስ፣ ልክ ጡብ እንደማይንሳፈፈው ሆነው ሰማይ ላይ ተንሳፍፈዋል። ይህን አነጋገር ከሼክሊም ከቮኔገትም አንደበት መስማት ይከብደኛል። ከዉድሃውስ ገጸ ባሕርይ ከበርቲ ዉስተር አፍ ቢወጣ ግን ማንም አንባቢ አይገረምም።