ወላጆቻችንና «ኖ»

አሜሪካ ውስጥ ወላጆቹን ይዞ ሐኪም ቤት የተመላለሰ ሰው የምለው ይገባዋል። ነርሷ ፎርሟን እያየች፣ ቶሎ ቶሎ፣ «ኖ አለርጂስ?» ትላለች፤ የማይስማማዎት መድኃኒት የለም ወይ ማለቷ ነው። እማማ ፔኒሲሊን አይስማማቸውም። ስለዚህ «ኖ» ይላሉ። «አይ፣ አለብኝ እንጂ» ማለታቸው ነው። ነርሷ ግን «አለርጂ የለም» ብላ መዝግባ ታልፋለች።

በእኛ «አልበላህም?» ሲባል መልሱ «አዎ፣ አልበላሁም» ነው። አዎ ወይም አይ የምንለው ለጠያቂው አነጋገር ነው። እንግሊዝኛው ጥያቄው በምንም መልክ ይምጣ፣ ነገሩ ካለ የስ፣ ከሌለ ኖ ነው። ይህቺ ልዩነት ጨዋታ ላይ ብትመጣ ተስቆባት ይታለፋል። የመድኃኒት ጉዳይ ላይ ስትመጣ ግን ሰው ልትገድል ትችላለች።

አገር ቤት ይህ ችግር የለም። ሐኪሙም ታማሚውም አንድ ዓይነት አዎ ነው ያላቸው። ደግሞ አስታማሚ አጠገብ አለ፤ እናት በይሉኝታ «ደህና ነኝ» ቢሉ «ኧረ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ ነው ያደሩት» የሚል አይጠፋም። እዚህ ልጅ ሥራ ላይ ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው «አዎ» ሲሉ እንኳ ነርሷ አስም የያዛቸው ይመስላታል።

የዜግነት ቃለ መጠይቅም ሌላው ፈተና ነው። ኤን 400 የሚባለው የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ላይ «እንዲህ አድርገው ያውቃሉ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይደረደራሉ። ለብዙ ሰው መልሳቸው ኖ ነው። መጨረሻው አካባቢ ግን ሕገ መንግሥቱን ይደግፋሉ ወይ፣ ቃለ መሐላውን ይፈጽማሉ ወይ ይባላል። «ሁሉንም ኖ በይ» ተብለው የተላኩ እናት እዚያ ላይ ይያዛሉ። እንዲህ ብሎ መላክ በጣም ያናድደኛል። ዕድሜያቸው 55 ሆኖ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 50 ሆነው 20 ዓመት የኖሩ ሰዎች እኮ በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ መጠየቅ ይችላሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ጠይቁ፣ አትፈሩ።

እናንተው የምታስተረጉሙ ከሆነ ደግሞ «አለርጂ የለብሽም?» ብላችሁ አታስተላልፉ። «እማዬ፣ መድኃኒት ወስደሽ ያሳከከሽ ወይም ያበጥሽበት ጊዜ አለ? የቱ ነበር?» በሏቸው። እሳቸው ራሳቸው ይነግሯችኋል።