ሱቅ በደረቴ አይደለሁም!

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ደግሞ «በገና ሰሞን እዚያ ግፊያ ውስጥ ማን ግቢ አለሽ?» እንዳትሉኝ። ለእማዬ የምልከው ነገር ፈልጌ ነው። ሳን ግሬጎሪዮ አርሜኖን ታውቋታላችሁ፤ አሮጌው ናፖሊ መሀል ያለችው ጠባብ መንገድ። ግራና ቀኟ የልደት ምስል ሻጭ ነው። እረኛው፣ በጉ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ዓሣ ሻጩ፣ ሁሉም በሸክላ።

አንድ እግሬን ገና ከማስገባቴ ባለሱቁ እጁን አወናጨፈ።

«ምንም አንገዛም! ሂጂ!»

ዞሬ ኋላዬን አየሁ። ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ። ማንም የለም።

«ልገዛ ነው የመጣሁት» አልኩት፤ ጥርት ባለ ጣሊያንኛ።

ቦርሳዬን ገላመጠና «እዚህ ውስጥ መሸጥ ክልክል ነው አልኩሽ እኮ!» አለኝ።

ምን ልሸጥለት? ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የሥራ ጋወኔና የምሳ ዕቃዬ ነው! ይሄኔ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ገቡ። ሰውዬው ፊቱ በራ። «እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ፣ ይግቡ፣ ይንኩት፣ ይዩት!»

እኔም እልህ ያዘኝ። መስታወቱ ውስጥ ከቆሙት ሰብአ ሰገል ጥቁሩን አሳየኝ አልኩት። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ፊቱ ሸክላ፣ ዓይኑ መስታወት፣ እጁ ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ካባው ሐር። ጣቶቹ ላይ ጥፍር ሳይቀር ተሠርቶለታል። ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱ ውድ ነው። የአንቺ ውጪ ያለው ነው።» ውጪ ያለው በቅርጫት የተከመረ ፕላስቲክ ነው! ጥቁሩን ንጉሥ በሐር አልብሶ መስታወት ውስጥ ያቆማል፤ እኔን ከደጅ ይመልሰኛል። በስመአብ!

ደግሞ ሱቅ በደረቴ ብሆንስ? እዚያው ጥግ አንሶላ ላይ ቦርሳ ዘርግተው የሚሸጡት የሴኔጋል ልጆች ሌባ ናቸው? ፖሊስ ሲመጣ አንሶላውን በአራት ማዕዘኑ ሰብስበው ሲሮጡ አያለሁ። ደንብ አስከባሪ ሲያሯሩጠው ያደገ ሰው ሁሉ ያ ነገር ይገባዋል። እንጀራ ነው እኮ!

የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? ያ መንገድ ስሙን ያገኘው በስደተኞች ነው። በስንክሳራችን የምናውቀው የአርመኑ ጎርጎርዮስ ነው። አፅሙን ከቁስጥንጥንያ ሸሽተው የመጡ መነኮሳት ናቸው ያመጡት ይባላል፤ ገዳሙም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ስደተኛ በሰየመው መንገድ ላይ ቆሞ ነው «ሂጂ» የሚለኝ!

እኔ ይሄን ሰፈር እወደዋለሁ፤ ለዚህ ነው የሚያመኝ። እንግዳ ሲመጣብኝ እየዞርኩ የማስጎበኘው እኔ ነኝ። ጄዙ ኑኦቮ ቤተ ክርስቲያን ፊቱ ላይ እንደ አልማዝ የሾለው ጥቁር ድንጋይ በፈረንጆቹ የ1470 ቤተ መንግሥት እንደነበረ፣ ሳንታ ኪያራ ቤተ ክርስቲያን በፈረንጆቹ በ1943 በቦምብ ነዶ እንደገና እንደተሠራ፣ የቤቱ ሁሉ ቢጫ ድንጋይ ከከተማው ሥር እንደተቆፈረ የማወራው እኔ። ሳን ሎሬንዞ ቤተ ክርስቲያን ሥር ውረዱ፤ የሮማውያን ገበያ አለ። ሱቆቹ በየተራ፣ መደርደሪያቸው ከነድንጋዩ ቁጭ ብሏል። እዚህ ሰፈር ያልነገደ፣ ያልገዛ የባሕር ማዶ ሰው የለም። ዛሬ እኔ ስገባ ጉድ ሆነ!

በዚያ ላይ እዚሁ ናፖሊ ፉዎሪግሮታ የሚባለው ሰፈር ሄዳችሁ እዩ። የጎንደሩን የአፄ ፋሲል መዋኛ አስመስለው ገንብተውታል፤ በፈረንጆቹ በ1940፣ ለቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽናቸው። ለትርዒት ከአገራችን ያመጧቸው ሰዎችም ጦርነቱ መጣና እዚሁ ታግተው ቀሩ። ቤታችንን ሲቀዱ፣ ሰዋችንን ሲያሳዩ ችግር የለም። ገንዘብ ይዘን ስንመጣ ነው ችግሩ።

አውቶቡስ ላይስ? ሰው ሁሉ ታጭቆ ተቆጣጣሪው ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ቤት ለመከራየት ስደውል «አለ» ይባላል፤ ፊቴን ሲያዩ «አሁን ተያዘ»። ደከመኝ። እውነቴን ነው፣ ደከመኝ።

አንዷ ጓደኛዬ «ተይው፣ ሁሉም እኮ እንዲህ አይደለም» አለችኝ። እሱን መች አጣሁት! ትንሽ አለፍ ብሎ ያሉት እናት እኮ ብሩሻቸውን እንደያዙ አስገብተው፣ የበጉ ፀጉር እንዴት እንደሚቀባ አሳይተውኛል። ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ምን ልግዛ? ባዶ እጄን ወጣሁ። እማዬ በየቀኑ «ላክሽ?» ትለኛለች፤ ፖስታው ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ እዚያው አጠገብ ባለው መንገድ፣ በቪያ ትሪቡናሊ በኩል የሚያልፍ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። እሳቸው ጋ እገዛለሁ፤ ብቻዬን ግን አልሄድም።