እርማት፦ የኮሪያ ፊልም ጥናት በ«ፓራሳይት» አልተጀመረም

«የኮሪያ ፊልም በምሁራን ዘንድ መጠናት የጀመረው ‹ፓራሳይት› በ2020 እ.ኤ.አ. ኦስካር ካሸነፈ በኋላ ነው» የሚለው አባባል፣ ብዙዎች የሚደግሙት ቢሆንም፣ ስሕተት ነው። የሴኡሉ የፊልም ቤተ መዛግብት የተቋቋመው በ1974 ሲሆን፣ የዳይሬክተር ኢም ክዎን-ቴክን ሥራዎች የሚመረምር የምሁራን መድበልም በ2002 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡትን፣ ኪም ኪ-ዮንግ በ1960 የሠራውን «ዘ ሃውስሜይድ»ን እንመልከት፦ ጠፍተው የነበሩት ሁለት የፊልሙ ጥቅልሎች የተገኙት የእንግሊዝኛ ትርጉም በእጅ ከተጻፈበት ቅጂ ስለነበር፣ በ2008 ለዕይታ የበቃው እድሳት ፊደሎቹን ከምስሉ ላይ በዲጂታል መንገድ ማጥፋትን ጠይቋል (ምን ያህል ትዕግሥት እንደፈጀ መገመት አያዳግትም)። የ«ፓራሳይት» ዳይሬክተር ቦንግ ጁን-ሆ ራሱም ይህ ፊልም ተጽዕኖ እንዳሳደረበት ተናግሯል።