የእማዬ ዕቃ ይቀነስ ወይስ እንዳለ ይጫን?

ተከራካሪዎቹ እህትና ወንድም ናቸው። እሷ አዲስ አበባ፣ እሱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። እናታቸው 78 ዓመታቸው ነው። 46 ዓመት ከኖሩበት የጉለሌ ግቢ ወጥተው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ነው። የልጃቸው ብሎክ ላይ ነው፣ ግራውንድ፣ ባለ አንድ መኝታ። እህት ዕቃው ይቀነስ ትላለች። ወንድም አይነካ ይላል።

እህት፦

በካሬ እንጀምር። የእማዬ አዲሱ ቤት ሳሎኑም፣ መኝታውም፣ ወጥ ቤቱም ተደምሮ 30 ካሬ ገደማ ነው። ብፌው ብቻውን አንድ ግድግዳ ይጨርሳል። ቁምሳጥን ሁለት አለ። የጠላ ጋን ሦስት። የብረት ሳጥን አራት፤ የአንዱ ቁልፍ ከጠፋ 20 ዓመት ሆኖታል። አልጋ ሥር ደግሞ ፌስታል የታጨቀበት ፌስታል አለ። ይሄ ሁሉ ከገባ እማዬ የት ልትቆም ነው? አምና በሳጥኖቹ መሃል ስታልፍ ተደናቅፋ እጇ ተሰብሯል። ጄሶው እስኪፈታ ያጎረስኳት እኔ ነኝ።

ደግሞ የተቀመጠ ሁሉ ተጠበቀ ማለት አይደለም። የአባዬ ካፖርት ኪስ ውስጥ እማዬ ደብቃ የረሳችው 12 ቅጠል የድሮ መቶ ብር አገኘሁ። ብሩ የተቀየረው በመስከረም 2013 ነው፤ ለመለወጫ የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። ያኔ ከፍተን አይተን ቢሆን 1,200 ብር ነበረች። አሁን የልጆች መጫወቻ ሆናለች።

ወንድም፦

የእጇን ነገር ካነሳሽ አልከራከርም። መተላለፊያው ይጠረግ። የእኔ ጸብ ከሌላ ነገር ጋር ነው።

የከሰል ካውያዋን ታስታውሻለሽ? እማዬ ቤተ ክርስቲያን እስክትሄድ ጠብቀሽ ለቁራሌው ሸጥሽው። ለአንቺ ዝገት ነበር። እሷ ግን የአምስታችንንም ዩኒፎርም የተኮሰችው በዚያ ነው፣ መብራት ሲጠፋም፣ ሲመጣም። ሦስት ቀን ቡና አላፈላችም። ይሄንን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ በስልክ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሰፈር ሲሄድ ምን እንደሚቀር እኔ እነግርሻለሁ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ያደግሁባቸውን መንገዶች በስልክ ቪዲዮ ነው የተሰናበትኳቸው። እማዬም አሁን ጉለሌን ልትሰናበት ነው። እድሯ እዚያ ነው። የሚካኤል ማኅበሯ እዚያ ነው። እሷን ተከትሎ ኮዬ ፈጬ የሚሄደው ዕቃዋ ብቻ ነው። እሱንም እናስቀርባት?

ወረቀት ደግሞ ጨርሶ እንዳትነኪ። አያታችን ትርፍ ቤታቸው በ1967ቱ አዋጅ ሲወረስ የተሰጣቸው ወረቀት ከነዚያ ሳጥኖች በአንዱ ውስጥ አለ። ቤቱን እንደማያስመልስ አውቃለሁ። ለልጆቼ ላሳያቸው ስለምፈልግ ነው።

እህት፦

በካውያው አጥፍቻለሁ። ይቅርታም ጠይቄያታለሁ። ምናለሽ ተራ ወርጄ ግማሽ ቀን ፈልጌ አምሳያውን አመጣሁላት። አገላብጣ አየችውና "የእኔ እጀታው የተቃጠለ ነበር" አለችኝ። መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ እሷ በሌለችበት አንዲት ማንኪያ አልነካሁም።

አሁን የማደርገውን ልንገርህ። በቅዳሜ አንድ ሳጥን ብቻ እንከፍታለን። መጀመሪያ ቡና ይፈላል። "ይጣል?" የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ፤ እሱን ስትሰማ ሁሉንም ታቅፈዋለች። የምጠይቃት "ይሄ የማን ይሁን?" ብዬ ነው። ያኔ ፊቷ ይፈታል። በሙሽርነቷ የሰፋችውን ሙዳይ ለታናሿ የልጅ ልጅ ሰጠች፤ አለላውን ምን ምን ቀለም እንደነከረችው እየነገረቻት፣ እየመረቀቻት። ትልልቆቹን ብረት ድስቶች ለእድሩ ሰጠች። የሚለበሱትን ልብሶች መቄዶንያ እንወስዳለን። ጋኖቹ ያስቸግሩ ነበር። ከማኅበርተኞቿ በሕይወት ያሉት አራት ናቸው፤ ጠላ ከጠመቀችም ዓመታት አልፈዋል። "ተራውን ለምትረከበዋ ልጅ ይሁን" አለች፣ እኔ ሳልጠይቃት።

ወረቀቱን አትስጋ። የጡረታ ደብተሩ፣ የኪራይ ደረሰኙ፣ የአያታችንም ወረቀት በአንድ ሳጥን ተለይተዋል። ከሁሉ የምቸኩለው ለፎቶዎቹ ነው። አልበሙ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷ ትናገራለች፣ እኔ ከጀርባው በእርሳስ እጽፋለሁ። በቴሌግራም የላክሁልህን 60 ፎቶ ደግሞ እስካሁን አልከፈትከውም። ወንድም ጋሼ፣ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ "አይነካ" ማለት ቀላል ነው። ብፌውን እኔ ነኝ የማሸክመው።

ካሳዘነህ ውሰደው። ሁለት ሻንጣ፣ 23 23 ኪሎ ይፈቀድልሃል። አንዱን እኮ በበርበሬና በሽሮ ነው የምትሞላው።

ወንድም፦

በርበሬዬን ተይልኝ። ፎቶዎቹን ዛሬ ማታ አያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያልከፈትኳቸው ረስቼ አይደለም።

ብወስድም የማይወጣ አለ። የአያታችን የብራና ዳዊት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከቦሌ አያልፍም፤ ማለፍም የለበትም። እሱ አገሩ ይቅር፣ አንቺ ጋ፣ እርጥበት በሌለበት።

"የማን ይሁን?" ጥሩ ጥያቄ ነው። የምፈራው መልሱን ነው። እማዬ ይሉኝታዋን ታውቂዋለሽ። እንግዳ "ደስ ይላል" ያላትን ስኒ አጥባ የምትሰጥ ሴት ናት። አንቺ እያዛጋሽ ሰዓትሽን ካየሽ "እሺ ልጄ፣ ውሰጂው" ትላለች። ማታ ግን የምትደውለው ለእኔ ነው። ስለዚህ ሰጠሁ ያለችው ሁሉ በዚያው ቀን አይውጣ። እስከ መስቀል አንቺ ጋ ይቆይ። ካልጠየቀችው ይሂድ። ከጠየቀችው ያለ ምንም ንግግር ይመለስ።

የአባዬ ካፖርት ግን ከድርድር ውጪ ነው። መስከረም ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ።

እህት፦

"አንቺ ጋ ይቆይ!" የእኔም ቤት እኮ ያው 30 ካሬ ናት። አንድ ሳጥን ብቻ እቀበላለሁ፣ በረንዳ ላይ። በይሉኝታው ግን አሸንፈሃል። ባለፈው ቅዳሜ ነጭ ረከቦቷን "ውሰጂው" ስትለኝ ድምጿ ልክ አልነበረም። መልሼ ቦታው አስቀመጥኩት። ምንም አላለችም፤ ቡናውን ደግማ ቀዳችልኝ።

ካፖርቱ ላይ ዘግይተሃል። ሐሙስ ዕለት ራሷ አውጥታ ለሰፈሩ ዘበኛ አለበሰችው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ የጠየቃትም ሰው አልነበረም። ደንግጬ ለምን ስላት "ክረምት ገባ፤ ቁመቱም ልክ እንደ አባትሽ ነው" አለች። ማታ ማታ በር ላይ ሲቆም በመስኮት ታየዋለች።

የእርጎ ጣሳዎቿን ግን ማንም እንዳይነካብኝ ብላለች። ቆጥሬያቸዋለሁ፣ 43 ናቸው።