«ማሰይጠን»፦ የሚጠቅም ቃል ወይስ መሸሸጊያ?

ተከራካሪ ሀ (ቃሉ ያስፈልገናል)

«ሰየጠነ» የቆየ ቃል ነው። ሰው ክፋት ሲጠናወተው «ሰየጠነ» ይባላል። «ማሰይጠን» ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ሰውየው አልሰየጠነም፤ ሰይጣን ያደረገው ሌላ ሰው ነው። ቃሉ ዓይናችንን ከተሰዳቢው አንስቶ ወደ ተሳዳቢው ይመልሳል። የምወደው ለዚህ ነው።

«ስም ማጥፋት» አይተካውም። ስም አጥፊ «ሰረቀ» ይላል። ውሸት ከሆነ በማስረጃ ይፈርሳል። የሚያሰየጥን ሰው ግን «ሌብነት በደማቸው ነው» ይላል። ይህ በምን ማስረጃ ይፈርሳል? «ጥላሸት መቀባት»ም ያንሰዋል፤ ጥላሸት ታጥቦ ይለቃል።

«ዴር ሽቱርመር» የሚባለውን የጀርመን ጋዜጣ ያስቡ። ዩሊየስ ሽትራይኸር እ.ኤ.አ. በ1923 ጀመረው። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ አይሁዶችን የክፋት ሁሉ ምንጭ አድርጎ ጻፈ፣ በካርቱንም አሳለ። እ.ኤ.አ. በ1946 የናዚ መሪዎችን የዳኘው የኑረምበርግ ፍርድ ቤት በሰብዓዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ በስቅላት እንዲቀጣ ፈረደበት። የተፈረደበት በገዛ እጁ ስለገደለ አይደለም፤ ለግድያ ስለቀሰቀሰ ነው። ይህንን ሥራ ምን ብለን እንጥራው?

ተከራካሪ ለ (ቃሉ መሸሸጊያ ሆኗል)

ወዳጄ፣ ስለ ሽትራይኸር አልከራከርዎትም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ዛሬ ይህን ቃል አዘውትሮ የሚጠቀመው ማነው? እኔ እንደማየው፣ ጥያቄ የበዛበት ባለሥልጣን ነው። «ገንዘቡ የት ገባ?» ሲባል «እያሰየጠኑኝ ነው» ይላል። በቃ፣ ጠያቂው ተከሳሽ ሆኖ ያርፋል።

በእኔም ደርሷል። በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ ሦስት ሆነን በአንድ ኃላፊ ላይ አቤቱታ አስገባን። ቀኑ፣ ደብዳቤው፣ የተቆረጠብን ደመወዝ፣ ሁሉም ተያይዟል። የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ግለሰቡን የማሰይጠን ዘመቻ»። አባሪውን የገለጠ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደግሞስ ክፉን ክፉ ማለት መቼ ነው ነውር የሆነው?

ተከራካሪ ሀ

የደረሰብዎት በደል ነው። ግን በደሉ የቃሉ አይደለም፤ ያለቦታው ያዋለው ሰው ነው።

«ሰይጣን» የሚለውን ራሱን እንየው። በዕብራይስጥ ቃሉ መጀመሪያ ተቃዋሚ፣ ባላጋራ ማለት ነበር። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 በለዓምን መንገድ ላይ የገታው የእግዚአብሔር መልአክ ነው። የዕብራይስጡ ጽሑፍ ግን ለዚያ መልአክ ይህንኑ ቃል ይጠቀማል! የክፉ መንፈስ መጠሪያ የሆነው በኋላ ነው። ዛሬም የምንፈራው ይህንኑ ጉዞ ነው፦ የተቃወመን ሁሉ ባላጋራ ይሆናል፤ ባላጋራው ደግሞ ሰይጣን።

ለእውነተኛ ወንጀለኛም ቢሆን «ሰይጣን ነው» ማለት አይጠቅምም። አይሁዶችን ወደ መግደያ ካምፖች የማጓጓዙን ሥራ ያደራጀው የናዚ ሹም አዶልፍ አይኽማን እ.ኤ.አ. በ1961 ኢየሩሳሌም ለፍርድ ሲቀርብ የፖለቲካ ፈላስፋዋ ሐና አረንት ችሎቱን ተከታትላለች። ጭራቅ አላየችም። ያየችው ተራ የቢሮ ሰው ነው። ጭራቅ ነው ብለን ብናልፍ ኖሮ፣ ተራ ሰው እንዴት እዚያ እንደሚደርስ አንጠይቅም ነበር።

ተከራካሪ ለ

አረንት ያየችው ለሕይወቱ የሚከራከር ተከሳሽ ነው። ያው ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ገደማ አርጀንቲና ተሸሽጎ ሳለ በቴፕ የተቀዳ ረጅም ቃለ ምልልስ ሰጥቷል። እዚያ ላይ አልተጸጸተም። እንዲያውም የሚቆጨው ግድያው ሳያልቅ መቅረቱ ነበር። ይህን ክፉ ማለት ማሰይጠን ነው?

ተከራካሪ ሀ

አይደለም። ልብ ይበሉ፣ አሁን ሲነግሩኝ «እንዲህ አለ» ነው ያሉኝ። «ዘሩ እንዲህ ነው» አላሉም። እኔ የምለው ልዩነት ይኸው ነው።

ተከራካሪ ለ

የእኛም አቤቱታ እኮ «እንዲህ አደረገ» ብቻ ነበር የሚለው። ሦስት ገጽ ነው፤ አንድም ስድብ የለበትም። ሆኖም «ማሰይጠን» ተባለ።